ለአንድ ወንበር ምርጫ፦ በደረጃ የሚሞላ ወረቀት ወይስ በነጥብ?

ኮሮጆ፦

ወንበሩ አንድ፣ ዕጩው ከሁለት በላይ፣ መራጩ 100 ገደማ የሆነ ምርጫ አስቡ። «አንድ ስም ላይ ብቻ ምልክት ያድርጉ» የሚለው አሠራር የሚቀራረቡ ዕጩዎችን ድምፅ እርስ በርስ እንደሚያሻማ እዚህ ያለን ሁሉ ስለምናውቀው በእሱ ጊዜ አናጥፋ። የምጠይቀው ከዚያ ወዲያ ስላለው ነው። አንዱ ወገን መራጩ ዕጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ ይደርድር ይላል። ሌላው ለእያንዳንዱ ዕጩ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይስጥ ይላል። ሁለቱም «የእኛው ፍትሐዊ ነው» ሲሉ እሰማለሁ፤ አንድ መነሻ ይዘው በቁጥር ሲነጋገሩ ግን አላይም።

ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ያንኑ ወረቀት በየዘዴው ቆጥሮ የሚያሳይ። ሁለተኛ፣ ከሒሳቡ ውጪ በተግባር የሚበላሸው የቱ ጋ እንደሆነ፦ ወረቀቱ ላይ፣ መመሪያው ላይ፣ ቆጠራው ላይ።

ጥንድ_በጥንድ፦

እንቁጠር። 100 መራጭ፣ ሦስት ዕጩ። በምልክታቸው ቁልፍ፣ ድልድይ እና ዛፍ እንበላቸው። ቁልፍና ዛፍ ተቃራኒ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ድልድይ መሐል ላይ ነው። ወረቀቶቹ አራት ዓይነት ሆነው ወጡ። በቅንፍ ያለው ከ5 የተሰጠው ነጥብ ሲሆን፣ ደረጃውም ከነጥቡ ቅደም ተከተል ይነበባል።

40 ሰው፦ ቁልፍ (5)፣ ድልድይ (2)፣ ዛፍ (0)
9 ሰው፦ ድልድይ (5)፣ ቁልፍ (3)፣ ዛፍ (0)
15 ሰው፦ ድልድይ (5)፣ ዛፍ (3)፣ ቁልፍ (0)
36 ሰው፦ ዛፍ (5)፣ ድልድይ (2)፣ ቁልፍ (0)

አንደኛ ምርጫን ብቻ ብንቆጥር ቁልፍ 40፣ ዛፍ 36፣ ድልድይ 24። አሸናፊው ቁልፍ።

በማስወገድ ብንቆጥር፣ አውስትራሊያ ለታችኛው ምክር ቤቷ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ በያዘችው መንገድ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፦ ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ መጨረሻ የወጣው ድልድይ ይሰረዛል፤ 24ቱ ወረቀቶቹ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዞራሉ። 9ኙ ወደ ቁልፍ፣ 15ቱ ወደ ዛፍ። ቁልፍ 49፣ ዛፍ 51። አሸናፊው ዛፍ።

ሁለት ሁለቱን ብናጋጥም፣ ማለትም ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ በ1785 ባቀረበው ሐሳብ፦ ድልድይ ቁልፍን 60 ለ 40፣ ዛፍን 64 ለ 36 ይረታል። አሸናፊው ድልድይ።

በቦርዳ፣ ማለትም ለአንደኛ 2፣ ለሁለተኛ 1፣ ለሦስተኛ 0 እየሰጠን ብንደምር፦ ድልድይ 124፣ ቁልፍ 89፣ ዛፍ 87። ድልድይ።

የነጥብ ድምር፦ ድልድይ 272፣ ቁልፍ 227፣ ዛፍ 225። አሁንም ድልድይ።

ስታር የሚባለው ዘዴ ነጥቡን ደምሮ ከላይ ያሉትን ሁለቱን ይወስድና በእነሱ መካከል «ማንን አስበለጥክ?» እያለ እያንዳንዱን ወረቀት እንደ አንድ ድምፅ ይቆጥራል። ድልድይና ቁልፍ ያልፋሉ፤ ድልድይ 60 ለ 40 ያሸንፋል።

አንድም መራጭ ሐሳቡን ሳይለውጥ ሦስቱም ዕጩዎች የሚያሸንፉበት ዘዴ ተገኘ። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁለቱም ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ የረታውን ሰው ወንበር የሚከለክል ቆጠራ ችግር አለበት።

ተጠራጣሪ፦

24 ሰው ብቻ አንደኛ ያለውን ሰው አሸናፊ ማድረግስ ችግር የለበትም? 76ቱ እኮ ሌላ ፈልገዋል።

ጥንድ_በጥንድ፦

76ቱ «ሌላ» ያሉት አንድ ሰው አይደለም። 40ው ቁልፍን፣ 36ቱ ዛፍን ነው ያሉት። ቁልፍ ቢሾም 60 ሰው «ድልድይ ይሻለን ነበር» ይላል፤ ዛፍ ቢሾም 64። ድልድይ ሲሾም እንዲህ የሚል አብላጫ አይገኝም።

መዝጋቢ፦

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2009 በአሜሪካ ቨርሞንት፣ የበርሊንግተን ከተማ ከንቲባዋን በማስወገጃ ቆጠራ መረጠች። በመጀመሪያው ዙር ኩርት ራይት 2,951፣ ቦብ ኪስ 2,585፣ አንዲ ሞንትሮል 2,063 ድምፅ ነበራቸው። ሞንትሮል ሲወጣ ወረቀቶቹ ተዘዋውረው ኪስ ራይትን ረታ። ሙሉው የወረቀት ዝርዝር ይፋ ስለነበር ሰዎች ጥንድ በጥንድ ቆጠሩት፤ ሞንትሮል ኪስን 54 በመቶ ለ 46፣ ራይትን 56 ለ 44 ያሸንፍ ኖሯል። በተከታዩ ዓመት ከተማዋ ዘዴውን በሕዝብ ድምፅ ሰረዘችው።

በነሐሴ 2022 (እ.ኤ.አ.) በአላስካ ለአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በተደረገው የማሟያ ምርጫም ቅርጹ ያው ነው። ሜሪ ፔልቶላ 40 በመቶ ገደማ፣ ሳራ ፔሊን 31፣ ኒክ ቤጊች 28 ይዘው ጀመሩ። ቤጊች ተሰረዘ፣ ፔልቶላ አሸነፈች። ጥንድ በጥንድ ሲታይ ግን ቤጊች ሁለቱንም ይረታ ነበር።

እነዚህን ሁለቱን ሁሉም የሚጠቅሳቸው ብርቅ ስለሆኑ መሆኑን ግን አልሸሽግም። የወረቀታቸው ዝርዝር ይፋ በሆነ አብዛኞቹ ምርጫዎች ማስወገጃውም ጥንድ በጥንዱም አንድ ሰው ነው የሚያወጡት። ልዩነቱ የሚፈጠረው ሦስት ተቀራራቢ ዕጩ ኖሮ የመሐለኛው አንደኛ ድምፅ ሲያንስ ነው።

ነጥብ_ሰጪ፦

ጥንድ_በጥንድ፣ ሒሳብህ ትክክል ነው፤ ግን አንድ ነገር ሳታነሣው አለፍክ። 40ው እና 36ቱ ለድልድይ የሰጡት 2 ነጥብ ነው። ያቺን 2 ወደ 1 አውርዳት። ደረጃው አንድ ፊደል አይለወጥም፤ ድልድይ ለ76ቱም አሁንም ሁለተኛ ነው። የደረጃ ወረቀት ይህን ለውጥ ጨርሶ አያየውም።

ነጥቡ ግን፦ ድልድይ 40 + 120 + 36 = 196። ቁልፍ 227፣ ዛፍ 225 እንደነበሩ ናቸው። በነጥብ ድምር ቁልፍ ያሸንፋል። በስታር ቁልፍና ዛፍ ወደ መለያው ያልፉና ዛፍ 51 ለ 49 ይወስደዋል።

ደረጃ «ሁለተኛ» ሲል «ከሞላ ጎደል ይስማማኛል» ማለት ይሁን «ከክፉው ይሻላል» ማለት ይሁን አይለይም። ለእኔ የነጥብ ወረቀት ዋና ጥቅም ይኸው ነው። ድልድይ በ60 እና በ64 ድምፅ ስለረታ ብቻ ተወደደ አይባልም፤ ከ5 አንድ የሰጠው 76 ሰው ነው።

ጥንድ_በጥንድ፦

ልክ ነህ፤ የነጥብ ወረቀት ዋና ጣጣም ይኸው ነው። የአንተ 1 እና የእኔ 1 እኩል መሆናቸውን በምን እናውቃለን? አንዱ ሰው በተፈጥሮው ቸር ሆኖ ለማንም ከ3 በታች አይሰጥም፤ ሌላው 5ን ለመላእክት ያስቀምጣል። በደረጃ ሁለቱም አንድ አንድ ድምፅ ናቸው። በነጥብ ግን ሦስት ዕጩ አይቶ 5፣ 0፣ 0 የጻፈው ሰው 4፣ 3፣ 3 ከጻፈው አምስት እጥፍ ሚዛን ደፋ።

ነጥብ_ሰጪ፦

እሱን መመሪያው ያስተካክለዋል፦ «ለሚወዱት ቢያንስ አንድ ሰው 5፣ ለማይፈልጉት ቢያንስ አንድ ሰው 0 ይስጡ»። ግዴታ ማድረግ አያስፈልግም። ስታር ላይ መለያው ዙር የተጨመረውም ለዚሁ ነው፤ 4 እና 3 የሰጠው ሰው በመጨረሻው ፍልሚያ ሙሉ አንድ ድምፅ አለው።

ሚዛን፦

የተረሳ ዘዴ አለ። ሚሼል ባሊንስኪና ሪዳ ላራኪ ያቀረቡት፣ በፈረንሳይ በጥር 2022 በሕዝባዊው የግራ ክንፍ ቅድመ ምርጫ ክርስቲያን ቶቢራ ያሸነፈችበት፦ የአብላጫ ብያኔ። መራጩ ቁጥር አይጽፍም፤ «እጅግ ጥሩ፣ ጥሩ፣ ደኅና፣ አጥጋቢ፣ ደካማ፣ አይሆንም» በመሰሉ ቃላት ይፈርዳል። ከዚያ አይደመርም፣ በአማካይም አይካፈልም። የዕጩው ፍርዶች ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ይደረደሩና መሐል ላይ የወደቀው ይያዛል። መራጩ 100 ከሆነ ከታች 50ኛው ማለት ነው።

በመጀመሪያው ምሳሌ እንየው፤ ከ0 እስከ 5 ያሉት ነጥቦች በስድስቱ ቃላት ፈንታ ይሁኑ። ቁልፍ 51 ዜሮ አለው፣ ስለዚህ 50ኛው 0 ነው። ድልድይ 76 ጊዜ 2 አለው፣ መሐሉ 2። ዛፍ 49 ዜሮ ብቻ ነው ያለው፤ 50ኛው ከ15ቱ 3ቶች አንዱ ላይ ይወድቃል። ዛፍ በ3 አሸነፈ!

አሁን ከእነዚያ 15 ሰዎች አንዱ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ለዛፍ የሰጠውን 3 ወደ 0 ያውርድ። ዜሮዎቹ 50 ሆኑ፤ መሐሉ ከ3 ወደ 0 ተንሸራተተ፣ ድልድይ በ2 አሸነፈ።

የዚህ ዘዴ ውበት አንድ መራጭ ነጥቡን በማጋነን ብዙ መጎተት አለመቻሉ ነው፤ መሐሉ 2 ከሆነ ዕጩ ላይ 3 የነበረውን 5 ብታደርገው ምንም አይነቃነቅም። የሚሰበረው መራጩ ለሁለት ሲሰነጠቅ ነው። መሐል ላይ ሰው ከሌለ መሐሉ ገደል ይሆናል።

ተጠራጣሪ፦

ይሁንታስ? ለሚስማማህ ሁሉ ምልክት፣ አበቃ። የአሜሪካ ከተሞቹ ፋርጎ በ2018፣ ሴንት ሉዊስ በ2020 በሕዝብ ድምፅ ተቀብለውታል፤ የፋርጎውን ግዛቷ በ2025 በሕግ አገደችው። ወረቀቱም ያው የድሮው ነው።

ነጥብ_ሰጪ፦

ከ0 እስከ 1 የተሰጠ ነጥብ ማለት ነው። ቀላልነቱን ማንም አይክደውም። ግን በዚሁ ምሳሌ መስመሩን 3 ላይ ካሰመርከው (3 እና ከዚያ በላይ የሰጡት ምልክት ያደርጋሉ) ቁልፍ 49፣ ድልድይ 24፣ ዛፍ 51። መስመሩን 2 ላይ ካሰመርከው ድልድይ 100። አሸናፊውን የወሰነው ሰው ማንን እንደሚወድ ሳይሆን መስመሩን የት እንዳሰመረ ነው። ሴንት ሉዊስ በይሁንታ ሁለት ሰው አሳልፋ በሌላ ቀን መለያ የምታደርገው ይህን ስለሚያለዝብ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሰው መጥራት የሚቻል ከሆነ ጥሩ ነው።

ኮሮጆ፦

ጥሩ፤ እስካሁን ሁሉም መራጭ የልቡን ጻፈ ብለን ነው። ብልጥ ሲመጣስ?

ጥንድ_በጥንድ፦

ምሁሩ ጊባርድ በ1973 እንዳረጋገጠው፣ ዕጣ የማይገባበትና አንድ ሰው ብቻውን የማይወስንበት ዘዴ ሁሉ፣ ሊያሸንፉ የሚችሉት ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ የሌሎችን አሞላል መገመት የሚያዋጣበት ጊዜ ይኖረዋል። ደረጃም ነጥብም ከዚህ አያመልጥም። አንዳንድ የነጥብ ደጋፊዎች «የአሮው ውጤት (ሁሉንም የፍትሐዊነት መስፈርት በአንድ ጊዜ የሚያሟላ የደረጃ ዘዴ የለም የሚለው) እኛን አይነካም» ይላሉ። የ1951ዱ ውጤት ደረጃን የሚመለከት ስለሆነ እውነት ነው፤ የጊባርዱ ግን ይነካቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው ብልጠቱ ምን ያህል ቀላል ነው፣ ሲከሽፍስ ማንን ይጎዳል ነው።

በመጀመሪያው ወረቀት የቁልፍ 40 ደጋፊዎች ድልድይን ይቅበሩት፤ ቁልፍ፣ ዛፍ፣ ድልድይ ብለው ይደርድሩ። ጥንድ በጥንድ ሲቆጠር ዛፍ ድልድይን 76 ለ 24፣ ቁልፍን 51 ለ 49 ይረታል። ከሁሉ የጠሉትን ሰው በገዛ እጃቸው አነገሡት። ወደ ዛፍ ደጋፊዎች እንሂድ፤ 36ቱ ዛፍ፣ ቁልፍ፣ ድልድይ ቢሉ ክብ ይፈጠራል፦ ቁልፍ ድልድይን በ76፣ ድልድይ ዛፍን በ64፣ ዛፍ ቁልፍን በ51። ደካማው ማለትም 51ዱ ሲጣል ቁልፍ ያሸንፋል። እነሱም የጠሉትን አገኙ።

ነጥብ_ሰጪ፦

በነጥብ እኔ ራሴ ልቁጠረው፣ አልሸሽም። 40ው ለድልድይ ከ2 ይልቅ 0 ቢሰጡ ድልድይ ወደ 192 ይወርዳል፤ በድምር ቁልፍ በ227 ያሸንፋል። ብልጠታቸው ሠራ። በስታር ግን ቁልፍና ዛፍ ያልፉና ዛፍ 51 ለ 49 ይረታል፤ ከሸፈባቸው። ብልጠቱን የሞከሩት 36ቱ የዛፍ ሰዎች ቢሆኑ ድልድይ 200 ይሆናል፤ በድምር ቁልፍ ስለሚያሸንፍ ይከሽፍባቸዋል፣ በስታር ግን ዛፍ ስለሚያሸንፍ ይሠራላቸዋል። ስታር ከብልጠት ነፃ ነው የሚል ካለ ይቺን መስመር ደግሞ ያንብባት።

ለማስወገጃ ደግሞ የሚገባውን ክብር እንስጠው። በእሱ ሁለተኛ ምርጫህን መጻፍህ አንደኛህን በፍጹም አይጎዳም፤ ሁለተኛው የሚነበበው አንደኛው ከወደቀ በኋላ ነው። በነጥብ ለድልድይ የሰጠኋት እያንዳንዷ ነጥብ ቁልፍን ትገዳደራለች። መራጭ ይህን ሲያውቅ ሁሉም ወደ 5 እና 0 ያዘነብላል፤ ነጥቡም ሳይታወጅ ይሁንታ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ሚዛን፦

ቦርዳን ከመተዋችሁ በፊት፣ ብልጠት ከመራጩ ብቻ አይመጣም፤ ከዕጩ አስመዝጋቢውም ይመጣል። የቁልፍ ሰዎች «ቁልፍ ሁለት» የሚባል ጥላ ዕጩ ያቁሙ፤ ሁሉም መራጭ ከቁልፍ ቀጥሎ ያስቀምጠዋል። አራት ዕጩ ስለሆነ 3፣ 2፣ 1፣ 0 ይሰጣል። ቁልፍ 189፣ ድልድይ 184፣ ዛፍ 138፣ ቁልፍ ሁለት 89። ድልድይን የጣለው አንድም ድምፅ ሳይለወጥ አንድ ስም መጨመሩ ነው። ዕጩ ማስመዝገብ ነፃ በሆነበት ቦታ ቦርዳን አትንኩት። የፓስፊክ ደሴቷ አገር ናኡሩ የምትሠራበት ዓይነት (1፣ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ እያለ የሚወርደው) ለታችኞቹ ደረጃዎች ትንሽ ስለሚሰጥ ጥላ ዕጩ የሚያመጣውን ትርፍ ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም።

ተጠራጣሪ፦

ክብ ሲፈጠር ምን እንደሚደረግ ጥንድ_በጥንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈው። ያ እኮ ዋናው ነገር ነው።

ጥንድ_በጥንድ፦

እሺ፣ አዲስ ወረቀት። 39 ሰው፦ ቁልፍ፣ ድልድይ፣ ዛፍ። 35 ሰው፦ ድልድይ፣ ዛፍ፣ ቁልፍ። 26 ሰው፦ ዛፍ፣ ቁልፍ፣ ድልድይ። ቁልፍ ድልድይን 65፣ ድልድይ ዛፍን 74፣ ዛፍ ቁልፍን 61። ማንም ሁሉንም አልረታም።

ታይደማን የተባለ ምሁር በ1987 ያቀረበው መንገድ በእጅ ለመሥራት ይመቻል። ድሎቹን ከትልቁ ጀምረህ ትጽፋለህ፦ 74፣ 65፣ 61። አንድ በአንድ ታጸድቃለህ፤ ቀድሞ ከጸደቁት ጋር ክብ የሚፈጥረውን ትዘለዋለህ። 74 ጸደቀ፣ 65 ጸደቀ፣ 61 ክብ ስለሚዘጋ ተዘለለ። ቁልፍ አሸነፈ። የሹልዘ ዘዴ፣ ዴቢያን የተባለው የሶፍትዌር ማኅበር ከ2003 ጀምሮ የሚጠቀምበት፣ «ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ ጠንካራው መንገድ» እያለ ይለካል። እዚህም ያው ቁልፍ ነው፤ ከቁልፍ ወደ ዛፍ በድልድይ በኩል የሚሄደው መንገድ ደካማ ማያያዣው 65 ሲሆን ከዛፍ ወደ ቁልፍ የሚመለሰው 61 ነው። ዕጩው ሦስት ከሆነና እኩል ድል ከሌለ ሁለቱ ዘዴዎች አይለያዩም።

ይህንኑ ወረቀት በማስወገጃ ቁጠረው፤ ሌላ ጉድ ታያለህ። ዛፍ በ26 ይወጣል፣ 26ቱ ወደ ቁልፍ ይሄዳሉ፣ ቁልፍ 65 ለ 35 ያሸንፋል። አሁን ከ35ቱ የድልድይ ሰዎች 10ሩ ቁልፍን ወደውት አንደኛ ያድርጉት። ቁልፍ 49፣ ዛፍ 26፣ ድልድይ 25። የሚወጣው ድልድይ ሆነ፤ 25ቱ ወደ ዛፍ ይሄዳሉ፤ ዛፍ 51 ለ 49 አሸነፈ። ቁልፍ 10 አንደኛ ድምፅ ተጨምሮለት ተሸነፈ።

መዝጋቢ፦

ሒሳቡ ይበቃል። ኮሮጆ ሁለተኛ የጠየቀው እስካሁን አልተመለሰም፤ ከልምድ እንደሚታወቀው ምርጫ ውስጥ ጠብ የሚነሣው ከንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ባዶ ከቀረ ሳጥን ነው።

አቅጣጫ። በደረጃ 1 ከሁሉ የሚሻለው ነው፤ በነጥብ 5። የለመደውን ይዞ የሚመጣ መራጭ ገልብጦ ይሞላል፤ ቆጣሪውም ሊያውቅበት አይችልም። ቁጥር አታስጽፉ። ዕጩዎቹን በረድፍ፣ ምርጫዎቹን በዓምድ አድርጉና ክብ ይጥቆር። ከዓምዶቹ በላይ በነጥብ ወረቀት ጫፍና ጫፉ ላይ «በጣም እደግፋለሁ» እና «ፈጽሞ አልደግፍም»፣ በደረጃ ወረቀት «አንደኛ ምርጫዬ»፣ «ሁለተኛ ምርጫዬ» ተብሎ በቃል ይታተም።

ባዶ ነጥብ። ዜሮ ነው ወይስ አይቆጠርም? በአማካይ የምትሠሩና ባዶውን የምትዘሉ ከሆነ፣ ሦስት ወዳጆቹ ብቻ 5 የሰጡት፣ ሌላው የማያውቀው ዕጩ አማካዩ 5.0 ይሆናል፤ በላይኛው ምሳሌ ድልድይ 2.72 ነው። ድምር ተጠቀሙ፣ ባዶ = 0 በሉ፣ ወረቀቱም ላይ ይጻፍ።

የተዘለለ ደረጃ። መራጩ አንደኛውን ዓምድ ባዶ ትቶ ከሁለተኛ ቢጀምር ሁለተኛው ወደ አንደኛ ይሻገራል ወይስ ወረቀቱ ይቆያል? በ2022 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ለአንድ የትምህርት ቦርድ ወንበር በተደረገው ምርጫ የቆጠራው ሶፍትዌር እነዚህን ወረቀቶች በመጀመሪያው ዙር ማሻገር ሲገባው ሳያሻግር ቀረ፤ ያልተመረጠው ሰው አሸናፊ ተብሎ ከጸደቀ በኋላ ነው ስህተቱ የወጣው። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አንድ ቅንብር ብቻ ነበር።

ሁለት ሰው በአንድ ደረጃ። በማስወገጃ ወረቀቱ እዚያ ላይ ይቆማል፤ አንድ ወረቀት ለሁለት ሰው ድምፅ መሆን አይችልም። ጥንድ በጥንድ ላይ ግን ችግር የለውም፤ በእነዚያ በሁለቱ ፍልሚያ ለማንም አይቆጠርም፣ በሌሎቹ ይቆጠራል። ነጥብ ላይ ጥያቄው ራሱ የለም። የተበላሸ ወረቀት ማነስ ከፈለጋችሁ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የተሟጠጠ ወረቀት። ስድስት ዕጩ አቁማችሁ ሦስት ደረጃ ብቻ ካስሞላችሁ፣ ሦስቱም የወደቁበት መራጭ ወረቀት መጨረሻው ዙር ላይ አይገኝም። 45 ለ 43 ሆኖ 12 ወረቀት ተሟጥጦ ሊሆን ይችላል። ያኔ «ከግማሽ በላይ አገኘ» ማለት ከቀሩት 88 ውስጥ እንጂ ከ100 አይደለም። ውጤት ሲነገር ሦስቱም ቁጥር ይነገር።

የስም ቅደም ተከተል። ደረጃ ሙሉ በሙሉ መሙላት ግዴታ ሲሆን ሰነፍ መራጭ ከላይ እስከ ታች 1፣ 2፣ 3 እያለ ይወርዳል። በአውስትራሊያዋ ግዛት ታዝማኒያ ውስጥ ስሞቹ በየወረቀቱ እየተፈራረቁ ነው የሚታተሙት። ለ100 ወረቀት እናንተም ትችላላችሁ፤ ሦስት ዕጩ ካለ ሦስት ዓይነት ማተሚያ ይበቃል፣ እያንዳንዱ ስም በ33 ወይም በ34 ወረቀት ላይ ከላይ ይውላል።

ቆጠራ። አምስት ዕጩ ቢኖርና በተለያየ ክፍል ብትቆጥሩ፣ በነጥብ ድምር ከየክፍሉ 5 ቁጥር ይላካል፤ በጥንድ በጥንድ 20፤ በአብላጫ ብያኔ ከስድስት ፍርድ ጋር 30። ማስወገጃ ግን እንዲህ አይጠቃለልም። ማን እንደሚወጣ የሚታወቀው ሁሉም ከተደመረ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ወይ ወረቀቱ ራሱ ወደ አንድ ቦታ ይመጣል፣ ወይ የእያንዳንዱ አደራደር ብዛት ይላካል፤ ሙሉ አደራደሮቹ ብቻ 120 ናቸው።

በእጅ ስትቆጥሩ አንድ ሰው ያንብብ፣ ሁለት ሰው አንዱ የሌላውን ሳያይ ይመዝግብ፣ በየ25 ወረቀቱ ያስተያዩ። ማረጋገጫ አላችሁ፦ በነጥብ ወረቀት የአንድ ዕጩ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና ባዶ ሲደመሩ ከወረቀቱ ብዛት ጋር እኩል መሆን አለባቸው። በጥንድ ደግሞ የሁለቱ ድምፅና እኩል ያደረጓቸው ሲደመሩ ያው ብዛት ነው። ካልሆነ ያንን 25 ብቻ ድገሙ፤ 100ውን ሁሉ አትንኩ። በኮምፒውተር ከሆነ የሙከራ ወረቀቶችን ማጥፋት አትርሱ፦ በ2021 የኒውዮርክ ከተማ ቅድመ ምርጫ ላይ 135,000 ያህል የሙከራ ወረቀት ከእውነተኛው ጋር ተደምሮ ጊዜያዊ ውጤት ወጥቶ ተመልሶ ተነሥቷል።

ተጠራጣሪ፦

እኩል ሲወጡስ? 100 ተጋማሽ ቁጥር ነው፣ 50 ለ 50 ይመጣል።

ነጥብ_ሰጪ፦

በስታር መለያው እኩል ከሆነ ድምር ነጥቡ የበለጠው ይወስዳል። ድምሩም እኩል ከሆነ 5 የበዛለት፣ ከዚያ ዕጣ። ሦስቱም ከምርጫው ቀን በፊት ይጻፉ። ማስወገጃ ላይ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ እኩልነቱ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መሐል ላይ፣ «ማን ይሰረዝ?» በሚለው ላይ ይመጣል፤ የዚያ ዕጣ ደግሞ አሸናፊውን ሊለውጥ ይችላል።

ኮሮጆ፦

«ከእነዚህ ማንንም አልፈልግም» የሚለውን የት አስገባው?

ጥንድ_በጥንድ፦

በደረጃ ወረቀት እንደ አንድ ዕጩ ይታተማል። ዴቢያን እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ «ማንም» የሚለውን በፍልሚያ ያልረታ ዕጩ አስቀድሞ ይወጣል፣ ከዚያ የቀሩት ይወዳደራሉ።

ነጥብ_ሰጪ፦

በነጥብ ወረቀት «ማንም» የሚል ረድፍ አታትሙ። ለማንም 5 መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አስረድቶ የሚጨርስ አስመራጭ የለም። በምትኩ ወለል ይበጅ። ከ100 መራጭ ሊገኝ የሚችለው 500 ነው፤ ወለሉ 250 ቢሆን በመጀመሪያው ወረቀት ድልድይ ብቻ በ272 ያልፋል። 2ቷ ወደ 1 በወረደችበት ግን 227፣ 225፣ 196፤ ሦስቱም ይወድቃሉ፣ ምርጫው ይደገማል።

መዝጋቢ፦

ሲደገም ያው ሦስቱ ይቀርባሉ ወይስ ምዝገባው ይከፈታል? ይህንንም አብራችሁ ጻፉት። ወለል ያወጣ ደንብ ሁሉ ይህን ይረሳዋል፤ ሦስቱም ከወደቁ በኋላ ቢጠየቅ መልሱን የሚሰጡት ሦስቱ ራሳቸው ናቸው።